ጀርባውን የማያውቀው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ሰውን ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ነበር የሚያውቀው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከሰው ኋላ ሲቆም ኖሯል። ደንበኛ በበሩ ሲገባ ማን እንደሆነ ይጠፋበትና በሰላምታ ብዛት ጊዜ ይገዛል፤ ሰውዬው ለልኬት ዞር ሲልለት ግን ፊቱ ይበራል። የልኬት ደብተሩም እንደ ራሱ ነው፤ ስም የሚባል ነገር የለበትም። "አንገተ አጭሩ የባንክ ሰው"፣ "ሲተነፍስ የሚሰፋው"፣ "ሚስቱ ካልመጣች የማይለካው" እየተባለ ነው ደንበኛው የተመዘገበበት።

እንዲህ ያለ ሰው ስልኩ ላይ "ፍለጋ" የሚባል ቡድን ውስጥ መግባቱ ለሚስቱ ትልቅ ፈተና ሆነባት። ቡድኑ የተከፈተው አንድ የሒሳብ መምህር ከቤቱ እንደወጣ በቀረ በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አባላቱ በቅንነት ይጠያየቁ ነበር፤ ያየ ካለ ይናገር ይባባሉ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመምህሩ አስከሬን ከከተማው ዳር ካለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ተገኘና ፖሊስ ነገሩ የግድያ ምርመራ መሆኑን አስታወቀ። ቡድኑ በአንድ ጀምበር ከአራት መቶ ወደ ሦስት ሺህ ሰው አደገ፤ ቅንነቱም በዚያው ቀረ።

አለቃቸው "ዳኛው" ይባላል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ችሎት የሚባለውንም ከደጁ አልፎ እንደማያውቅ ያስታውቃል። "ዶክተሩ" የሚባለው ደግሞ ሁለት ዓመት የሆስፒታል በር የጠበቀ ሰው ነው። "ጉድ ሰማሁ" የምትባል ሴት አለች፤ የምድር ወንጀል ሁሉ ከውርስ ይመጣል ባይ ናት። ልብስ ሰፊው እዚያ ውስጥ "ሹል መርፌ" ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።

ሥራው ተበላሸ ቢባል ይቀላል። የጥርስ ሐኪሙን ሱሪ ኪሶች ከላይ ሰፍቶ ዘጋቸው፤ ሐኪሙ እጁን ሊከት ሲታገል እሱ ስልኩን እያየ "ታዲያ የመምህሩን የቤት ቁልፍ ማን ወሰደው?" ይላል። ሚስቱ አዋላጅ ናት። ስልኩን አንድም ቀን ላታይ ምላ፣ ማታ ማታ ጫማዋን እያወለቀች፣ "እኔ የሚመጣውን ስቀበል እውላለሁ፤ አንተ የሄደውን ስታሳድድ ትውላለህ" ትለዋለች። እሱ ግን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። እንዲህ ደስ ብሎት የሰነበተው ሲያገባት ብቻ ነው።

ከዚያ ቪዲዮው መጣ። መድኃኒት ቤት በር ላይ የተሰቀለች ካሜራ መምህሩ በጠፋበት ረቡዕ ከሰዓት የቀረጸችው የዘጠኝ ሰከንድ ምስል ነው። መጀመሪያ ባርኔጣ ያደረገው መምህር ያልፋል። አሥር እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይከተለዋል። ምስሉ ቀለም የለውም፣ ያውም የደበዘዘ ነው። ፖሊስ ይህን ሰው ለምስክርነት እንፈልገዋለን አለ። ዳኛው ግን ምስክር ማለት በፖሊስ ቋንቋ ገዳይ ማለት እንደሆነ ለሦስት ሺህ ሰው አብራራ፤ ሰውዬውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "ተከታዩ" ተባለ።

ቡድኑን እንቅልፍ የነሳው የተከታዩ እጅ ነበር። ሰውዬው ሲራመድ እጁ አይወዛወዝም፤ በግራም በቀኝም የለም። አንዱ ከፊት ሽጉጥ ደግኗል አለ፣ ሌላው ገመድ ነው አለ፣ ጉድ ሰማሁ የተሰረቀ ኑዛዜ ይዟል ብላ ማለች። ዶክተሩ ሰውዬው ከነጭራሹ እጅ ላይኖረው ይችላል ብሎ ረጅም ትንታኔ ጻፈ፤ እጅ ከሌለው እንዴት ገደለ ሲሉት ተቀይሞ ሁለት ቀን ጠፋ።

ልብስ ሰፊው ቪዲዮውን አርባ ጊዜ አየው። በአርባ አንደኛው ልቡ ጮቤ ረገጠች። ሦስት ሺህ ሰው እጅ ሲፈልግ ጀርባውን ያየ አንድም የለም። መርፌውን ሰክቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "የተከታዩ ግራ ትከሻ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ኮቱን የሰፋው ሰው ይህን አላየም፤ ትከሻው ውስጥ ድጋፍ አልጨመረበትም። ለዚህ ነው ከአንገቱ እስከ ብብቱ በሰያፍ የተጨማደደው። እንዲህ የሚሰፋ ሰው መቀሱን ተቀምቶ አካፋ ሊሰጠው ይገባል።"

ቡድኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ዳኛው "የልብስ ሊቃችን" አለው። ልብስ ሰፊውን በሕይወቱ ሊቅ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደረቱን ነፍቶ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ። ግራ ትከሻው የወረደ ደንበኛ አንድ ብቻ ተገኘ፦ "በያጁ። ግራ ሁለት ጣት ዝቅ። ብረት ስለሚሸከም።"

በያጁ ከሱቁ ሦስት በር አለፍ ብሎ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ጓደኛው ነው። ሃያ ዓመት በምሳ ሰዓት የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በኮት ቁልፎች ዳማ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ጥቁር የበያጁ፣ ነጭ የልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው ደብተሩን ሲያነብ ላብ አጠመቀው። እውነቱን ለመናገር ግን ላቡ የድንጋጤ ብቻ አልነበረም። ነውር ቢሆንም ከድንጋጤው ሥር ደስታ ነበረበት፤ ሦስት ሺህ ሰው የሚፈልገውን እሱ ብቻ አገኘው።

በማግስቱ በያጁ ለዳማ መጣ። ቁልፎቹን ሳይደረድር ቆመና ቪዲዮውን አይቶት እንደሆነ ጠየቀው። አይቼዋለሁ አለ ልብስ ሰፊው።

"ምንም አልታየህም?" አለ በያጁ፣ ትክ ብሎ እያየው።

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሳ። ገዳይ ሰውን እንዲህ እየፈተነ ነው የሚያውቀው ብሎ ዶክተሩ ጽፎ ነበር። ምንም አልታየኝም አለና ዛሬ ክር ልገዛ ነው ብሎ፣ ግድግዳው ሙሉ ክር እያየው፣ ሱቁን ዘጋ። በያጁ ትንሽ ቆሞ አይቶት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሹል መርፌ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለቀቀ፦ "ይህ ብረት ሲሸከም የኖረ ትከሻ ነው፤ እኔ ባለሁበት ሰፈር አንድ አለ።" ስም አልጠራሁም እያለ ራሱን አጽናና። ለቡድኑ ስም አላስፈለገውም። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የበያጁ በር ፎቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሟል፣ ሁለቱ በቀጥታ ያስተላልፋሉ፣ በሩ ላይም በቀይ ቀለም "እጅህን አሳይ" ተብሎ ተጽፏል። በያጁ ወጥቶ እጁን አሳያቸው። የእሳት ፍንጣሪ የበላው፣ የጠቆረ እጅ ነው፤ ቡድኑም ይህ እጅ ያላደረገው የለም ብሎ ደመደመ። በር ያዘዙ ሰዎች እየደወሉ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ።

በዚያው ቀን የልብስ ሰፊው ሚስት ከሥራ ተራዋ ስትመለስ ሰዎቹን አለፈችና በቀጥታ ሱቅ ገባች። "ምን አድርገህ ነው?" አለችው። ሲተርክላት መሐላዋን ረስታ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችና ቪዲዮውን አየች። ዘጠኝ ሰከንዱ ሳያልቅ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

"ይሄማ አንተ ነህ" አለች።

እሱም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ኮቱን ልበስ አለችው። ኮቱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከደንበኛ ጨርቅ ትራፊ ራሱ ለራሱ የሰፋው ቡናማ ኮት ነው፤ የለካው ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ ነው፣ መስታወት ደግሞ ጀርባ አያሳይም። የጥርስ ሐኪሙን ተሰፍቶ ያለቀ ኮት አንስታ በሁለት ክንዱ ላይ አስተኛችለት፤ ያለቀ ልብስ እንዳይጨማደድ እንደዚያ ነው የሚሸከመው፣ እንደ ሕፃን። ወንበር ላይ ወጥታ እስከ በሩ እንዲሄድ አዘዘችውና ከኋላው ቀረጸችው።

ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አዩአቸው። ግራ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የስፌት መኪና ላይ የጎበጠ ትከሻ ነው። መጨማደዱ ከአንገት እስከ ብብት። እጅ የለም። የዚያን ረቡዕ የጥርስ ሐኪሙን የቀድሞ ሙሉ ልብስ ሊያደርስ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ማለፉ አሁን ትዝ አለው። የሰውን ሁሉ ረቡዕ ሲመረምር የራሱን አልጠየቀም ነበር።

መጀመሪያ የተሰማው ፍርሃት ነው ብንል ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ የተሰማው እፍረት ነው፦ "እንዲህ ያለ ኮት ለብሼ ነው ሰው የማለብሰው?" አላት። ለምን አልነገርሽኝም ሲላት፣ ያገባሁት ትከሻህን መስሎህ ነው እንዴ አለችው። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሺህ ሰው ይህን ጀርባ ይፈልጋል፤ የፈላጊዎቹን ዓይን የከፈተው ደግሞ እሱ ነው። ዝም ቢልስ? ምስሉ ደብዛዛ ነው። ኮቱ ሊቃጠል ይችላል። ሚስቱ ሐሳቡን ፊቱ ላይ አነበበችው።

"ዝም በል ከፈለግህ" አለች። "ግን ሰዎቹ በበያጁ ደጅ ላይ እንደዚያው እንደቆሙ ያድራሉ።"

የጥርስ ሐኪሙን ኮት ከክንዱ ሳያወርድ ወጣ። የበያጁ ደጅ ሲደርስ ከሰዎቹ መሀል ገባና ጀርባውን ለስልኮቹ ሰጠ።

"ተከታዩ እኔ ነኝ" አለ። "ሹል መርፌም እኔ ነኝ። ይህ ሰው በዚያ መንገድ አላለፈም። ደኅና አድርጋችሁ እዩኝና ተከተሉኝ።"

ተከተሉት። ከተማው እንደዚያ ያለ ሰልፍ አይቶ አያውቅም። ከፊት እጅ የሌለው ልብስ ሰፊ፣ አሥር እርምጃ ወደኋላ አሥራ አንድ መርማሪ፣ ከነሱም ኋላ ነጭ ጋውኗን ያላወለቀች አዋላጅ። ቀጥታ ከሚያስተላልፉት አንዱ እየሮጠ መጨማደዱን በቅርበት ያሳያል። ጉድ ሰማሁ ከቤቷ ሆና የሚያወርሰው ነገር እንዳለው ጠየቀች። መንገድ ላይ አንድ ሰው ቆሞ፣ "ኧረ ያን ኮት የሰፋው ማን ነው?" ሲል ልብስ ሰፊው ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ የሄደበትንም ለአፍታ ረሳው።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪዋ ይህን ሰው ስትፈልግ ሰንብታለች፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበራት። ወንበር ሰጠችው። እሱም ስለ ውርሱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ካባው መንገድ የቡድኑን ግምት ሁሉ ይዘከዝክላት ጀመር። እጇን አነሳች።

"የሚያስቡትን አይደለም" አለችው። "ያዩትን ይንገሩኝ።"

ልብስ ሰፊው ያን ሁሉ ቀን ሲያስብ ከርሞ ያየውን አንዴም አልፈለገውም። ዓይኑን ጨፍኖ ወደዚያ ረቡዕ ተመለሰ። ከመድኃኒት ቤቱ አልፎ አንዲት ጠባብ የብረት በር አለች። ከፊቱ ይሄድ የነበረው ባርኔጣ ያደረገ ሰው አልፏት ነበር፤ ዞር ብሎ አየውና ተመለሰ፣ በሯንም ይዞ ጠበቀው። "እጅህ ሞልቷል ወንድሜ፣ እለፍ" አለው። ከዚያም ሰውዬው መንገድ ዳር ወደ ቆመ ነጭ መኪና ሄደ፤ ሹፌሩ ከውስጥ እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተለት። የሹፌሩ ጃኬት ግራጫ ነው፣ የእጅጌው ጫፍ ተተርትሮ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል። ያንን ያየው ግራጫ ላይ ሰማያዊ ክር ማየት ስለሚያመው ነው።

መርማሪዋ ብዕሯን አቆመች። የክሩን ነገር ይድገሙልኝ አለችው። ደገመላት። ሲጨርስ ግን ትዝ ያለው ክሩ አልነበረም። በሩን የያዘለት ሰው ሞቷል። ስለ እሱ ያን ያህል ቀን ሲጫወት ሰነበተ፤ ፊቱን እንኳ ልብ ብሎ አላየውም ነበር። እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰ፣ የጥርስ ሐኪሙንም ኮት በዕንባው አበላሸው።

በአራተኛው ቀን ጃኬቱ ተገኘ፤ ባለቤቱም ተያዘ። በቡድኑ ውስጥ ስሙ አንድም ቀን ያልተነሳ ሰው ነው። ዳኛው ይህ ሰው መሸፈኛ ነው ብሎ አዲስ ምርመራ ከፈተ፤ ልብስ ሰፊው ግን ያን ጊዜ ከቡድኑ ወጥቶ የበያጁን በር በብሩሽ እየፈተገ ነበር። በያጁ ከውስጥ ብረቱን ሲበይድ ዋለ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት በያጁ መጣ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ቁልፎቹን ደረደረ። ልብስ ሰፊው ሲለማመደው ያደረው ይቅርታ ሁሉ ጠፋበት፤ በድዬሃለሁ ብቻ አለ። ተጫወት አለው በያጁ። ሦስት አራት ጊዜ ከሄዱ በኋላ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ፣

"ቪዲዮው የወጣ ቀን ነው ያወቅኩህ" አለ። "በየቀኑ በደጄ ታልፋለህ። ጀርባህ ይጠፋኛል? ሄደህ እንድትናገር ልነግርህ ብመጣ ክር ልግዛ ብለህ ዘጋህብኝ።"

"ታዲያ በርህ ላይ ቆመው እጅህን አሳይ ሲሉህ ለምን እሱ ነው አላልክም?"

"አንተ መሆንህን እንጂ ገዳይ መሆንህን አላየሁማ" አለ በያጁ።

የልብስ ሰፊው ዓይን በዕንባ ተሞልቶ ነጩ ቁልፍ የቱ፣ ጥቁሩ የቱ እንደሆነ ጠፋበት። እንዲያው በደመ ነፍስ አንዱን ገፋ፤ በያጁም አልማረውም፣ በአንድ ዝላይ ሦስት በላበት።