ጋውን ላይ ሽርጥ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ለአንዲት ትንሽ ኮሌጅ አምስት ምሩቃን ምሳ ተደግሷል። አንዷ፣ ሃምሳ ያለፋት ሴትዮ፣ በጥቁር ጋውኗ ላይ ሽርጥ አስራ ለእንግዳው ሁሉ ወጥ ትጨምራለች። ከጋውኑ ሥር የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ከዚህ ወጥታ ቶራንስ ከተማ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሽማግሌ ልታጥብ ነው። ስምንት ዓመት እንዲህ እየሠራች ተማረች። ወንበሯ ግን ባዶ ነው። እኛም ሳናፍር ሳህናችንን እንዘረጋላታለን።

«እትዬ፣ ድግሱ እኮ ያንቺ ነው፤ ቁጭ በይ እንጂ» አልኳት።

«ኦኬ፣ ይቺን ላድርስና» ብላ ሌላ ጠረጴዛ ደረሰች።

መድረክ መሪው «ጀግኖቹ ምሩቃኖቻችን፣ ብድግ በሉልን» አለ። አራቱ ተነሡ። እሷ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀድሞም ቆማ ነበር።

ፎቶ አንሺው አራቱን ሊያነሣ ፈቀቅ እንድትልለት በእጁ ጠቆማት። ፈቀቅ አለችለት።