በሩ ለሰው ነው

ጀማል ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት፣ የታመመ የሥራ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሙዝ ይዞ ሄደ። ሙዙን እንደያዘ ተመለሰ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ‹ቴርሚን አለዎት?› አለችኝ።» ቴርሚን ቀጠሮ ነው። «አቦ፣ በቀጠሮ የሚታመሙ ሰዎች ናቸው» አለ። ሙዙን ተካፍለን በላን።

ጀማል ታላቅ ወንድሜ ነው። ከአሰበ ተፈሪ አብረን ወጥተን፣ ከሚኤሶ በባቡር ጅቡቲ ገብተን፣ በመጨረሻ ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ደረስን። ሙዙን በበላን ማግስት ፋብሪካ ውስጥ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። እኛ ሟችን በዕለቱ እንቀብራለን። እዚህ ወረፋ አለ። ወረፋው ሲደርስ የማላውቃቸው ቱርኮች ሰግደውበት አብረውኝ ቀበሩት፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ቤት ገባሁና በሩን ከፈትኩት። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ተቀመጥኩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በር አይዘጋም። ከሂርና በጫት መኪና መጥተው የሟቹን ስም እዚያው የሚጠይቁ አሉ። መርዶው ሲደርስ እናቴ ቤት መቀመጫ ጠፍቶ እንደነበር አጎቴ በስልክ ነግሮኛል።

በሩ ተዘጋ። ከፈትኩት። እንደገና ተዘጋ። የሚዘጉት አከራያችን ፍራው ኬለር ናቸው፤ ከታች ይኖራሉ። ፍራው ወይዘሮ ነው። የአያቴ እኩያ ሆነው እኔን አንቱ ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ሙቀቱ እየወጣ ነው» አሉ።

«ወንድሜ ሞቷል። በሩ ለሰው ነው።»

«ማን ይመጣል?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ የማያውቁት ሰው እንዴት ይመጣል?»

ይህን ለማስረዳት ጀርመንኛዬ አልበቃም። አማርኛዬም የሚበቃ አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ አበባ ይዘው ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ለመጠየቅ የሚመቸው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ ሰዓት አይደለም» አሉ። አበባውን ሰጥተውኝ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወረዱ።

አበባ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ጀማል ሻይ በሚጠጣበት ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴ ሁሉ ወደ ሌላ ፎቅ ያልፋል። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ግን እኛ አገር ለቅሶ የሚጀመረው ሰው ሲገባ ነው፤ ለብቻ እንዴት እንደሚለቀስ ያስተማረኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወርጄ የፍራው ኬለርን በር አንኳኳሁ።

«ቴርሚን ልሰጥዎት ነው» አልኳቸው።

«ለመቼ?»

«አሁን።»

የግድግዳ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«በሩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

ተመልሰው ገቡና ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ።