ከውጊያው በፊት የተጠራ ስም

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። «ነገ ጎህ ሲቀድ ኮረብታው ይያዛል» አለን መቶ አለቃችን። በኋላ እንደሰማነው ዘመቻውን አንድ ሰው ብቻውን ነበር የወሰነው፤ ምክር የጠየቀው የለም። እኛማ ወታደር ነን፣ ማን ይጠይቀናል!

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተንቀሳቀስን። መትረየስ ከላይ አጨደን። ከጎኔ የነበረው ደምሴ «ውሃ አለህ?» አለኝ። ኮዳዬን ስዘረጋለት እጁ አልመጣም። ረፋዱ ላይ ኮረብታውን ያዝን። በማግስቱ ልቀቁ ተባልን።

በእኛ መቶ ከውጊያ በኋላ ስም ይጠራል። የሞተ ሰው ሲጠራ ከጎኑ የነበረው «ተሰውቷል» ይላል። «ደምሴ!» ሲባል እኔ «አለ!» አልኩ። መቶ አለቃው ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም። ደግሞ ጠራው። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ።

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለምትመጡት ነው። ልጄ ሩት እዚህ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ የአሜሪካ ጦር ተጠባባቂም ናት። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ሳያስፈቅድ ጦር ሊያዘምት ነው ሲባል፣ ሻንጣዋን አሰናድታ እዚያው አጠገብ አልባኒ ባለው ቤታችን በር ሥር አስቀመጠችው።

«አባ፣ ሴናተራችንን ኮል አድርግና ይህን ዋር አስቁሙ በላቸው» አለችኝ። «ስለ ራስህ ስምህንና ዚፕ ኮድህን፣ የሰፈራችንን ቁጥር ብቻ ንገራቸው።»

ደወልኩ። እኔ ግን ማዕረጌንና የጦር ክፍሌን ቁጥር አስቀድሜ ቁጭ አደረግኩላቸው! ሩት እስኪያማት ሳቀች።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ከፈተችልኝ። «ሴኔቱ ቮት እያደረገ ነው። ፕሬዚዳንቱ ያለ እነሱ አፕሩቫል ዋር እንዳይጀምር።»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት የሴናተሮቹን ስም ትጠራለች፤ የተጠራው በገዛ አፉ እሺ ወይም እምቢ ይላል።

ያን የኮረብታው ቀን ሠላሳ አንድ ሆነን ወጣን፤ አሥራ ዘጠኙ እዚያው ቀሩ። የእኛ ስም የተጠራው ሬሳ ለመቁጠር ነበር። እዚህ ግን ከውጊያው በፊት የላኪዎቹ ስም ሲጠራ በጆሮዬ ሰማሁ። ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ፣ ተስፋም አደረግኩ።

ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«አባ፣ ሲት ዳውን፤ ገና ብዙ ሰው አለ» አለች ሩት።

«ስም እየተጠራ አይቀመጥም» አልኳት። እሷም መጥታ አጠገቤ ቆመች።