ሁለተኛው ሻንጣ

ኩዌት ውስጥ ለዕረፍት ወደ ሀገሩ የሚሄድ ሰው፣ ሰው መሆኑ ቀርቶ ጭነት መኪና ይሆናል። ትኬት መቁረጡ ከተሰማ ስልኩ አያርፍም። «ትንሽ ዕቃ ናት፣ አትከብድም» የማይል የለም። በመጀመሪያው ዕረፍቴ የሰው ብርድ ልብስ፣ የሰው ድስት፣ የሰው ሽቶ ተሸክሜ፣ ለእናቴ የገዛሁትን ቀሚስ ሳልሚያ፣ በሠራተኝነት የምኖርበት ቤት ትቼው ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛ የማንንም ዕቃ አልይዝም ብዬ የማልኩት። በንዴት ነው የማልኩት፤ እኔ ደግሞ ተናድጄ የማልኩትን አልረሳም።

ሁለተኛው ዕረፍቴ የደረሰው በኮሮና ጊዜ፣ ኤርፖርቱ ለወራት ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ ነው። ማዳም ትኬቱን ስትሰጠኝ ሁለት ሻንጣ እንደሚፈቀድልኝ ነገረችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ሳሰናዳ ከረምኩ። እኔ በሌለሁበት ሁለት ወር የሚበሉትን ሳምቡሳ ጠቅልዬ ፍሪዘሩን ሞላሁ፣ የልጆቹን ልብስ በየመሳቢያው ለይቼ አስቀመጥኩ፣ የክረምቱን ምንጣፍ አራግፌ አነጠፍኩ። ሥራ ፋታ ሲሰጠኝ ክፍሌ ገብቼ የራሴን አጣጥፋለሁ። አንደኛው ሻንጣ ውስጥ ለእናቴና ለእህቴ ትንሽ ልጅ የገዛሁት ልብስ አለ። ሁለተኛውን የሞላው መጋረጃ ነው። ወርቃማ ጥለት ያለው ከባድ መጋረጃ፤ ጎረቤት አይቶ «እሷማ ተለወጠች» እንዲል ብዬ የገዛሁት።

ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ኩዌት የገባች ጓደኛ አለችኝ፤ ፊንጣስ ነው የምትሠራው። ልሄድ መሆኔን አልነገርኳትም፤ ከሌላ ሰው ሰማች። አርብ ዕለት የአሠሪዎቿ ሹፌር በራችን ላይ አወረዳት። ማዳም እንግዳ እንዳይገባ ከልክላ ስለነበር ማስካችንን እንዳደረግን በጓሮ በር ቆመን አወራን። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ ነጭ የልጅ ጫማ ነው።

ልጇን ገና ድክ ድክ ስትል ለእናቷ ትታት ነው የመጣችው። አሁን ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ኤርፖርቱ ከመዘጋቱ በፊት እናቷ የልጅቷን እግር ወረቀት ላይ አስረግጠው፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሥለው በመጣ ሰው ልከውላት ነበር። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ሳይቀሩ ተሥለዋል።

«ያኔ ይህን ታክል ነበረች» አለችኝ። «ለማደጊያ ብዬ ትንሽ ጨምሬ ገዛሁ። አሁን ከደረሰላት ልኳ ነው። ካርቶኑን ጥዬዋለሁ፣ ቦታ እንዳይይዝብሽ። ካልሲውንም ውስጡ ጠቅጥቄዋለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ውይ እህቴ፣ በኮሮና ምክንያት አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅዱት እኮ! የእናቴን ዕቃ እንኳ ቀንሼ ነው» አልኳት። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር በኮሮና ይሳበብ ስለነበር ውሸቱ ሳያደናቅፈኝ ወጣ።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«በእጅ ቦርሳሽስ?»

«እሱም ሞልቷል።»

ትቀየመኛለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ አዘነችልኝ። «አይ የአንቺ ነገር! ከስንት ጊዜ በኋላ ባዶ እጅሽን ልትገቢ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሁለት አዲስ ማስክ አውጥታ ሰጠችኝ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንድቀይር። «ለእናቴ ብቻ ደውዪላት። ደህና ናት በያት።» ማስኩን ተቀበልኳት። ፊቴ በመሸፈኑ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ሄደች። ክፍሌ ገብቼ ሁለተኛውን ሻንጣ ከፈትኩት። ቦታ አልፈለግኩም፤ ቦታው ራሱ ታየኝ፣ ከመጋረጃው ጎን። ደውዬ «ተመለሺ» ማለት እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዚፑን ዘጋሁት። ኤርፖርት ሲመዘን ሻንጣው ከተፈቀደው ሦስት ኪሎ ጎደለ። ሠራተኛው ደስ የሚል ወሬ የነገረኝ መስሎት «ገና ሦስት ኪሎ አለሽ» አለኝ።

ሀገር ቤት ሁለት ወር ስቆይ ለእናቷ አልደወልኩም። ምን ብዬ? መጋረጃው ተሰቀለ፣ ጎረቤቱም እንደተመኘሁት አለ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እጠላው ጀመር። ስመለስ ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ «መስመሩ እምቢ አለኝ» አልኳት፤ እሱንም አመነችኝ።

ከተመለስኩ ብዙም ሳይቆይ ኩዌት ለውጭ ሰው መግቢያውን ዘጋች። የወጣ መመለሻ ስለሌለው የሚሄድ ሰው ጠፋ። ጫማውን የሚያደርስላት አላገኘችም። በስልክ ስናወራ ስለ ጫማው አታነሳም፤ እኔም አላነሳም።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ሥራ በቃኝ ብዬ ጠቅልዬ ልገባ ስነሳ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው። «ያለሽን ሁሉ አምጪ» አልኳት። «ብርድ ልብስም ቢሆን፣ ድስትም ቢሆን።» አንዱን ሻንጣ ባዶውን ከፍቼ ጠበቅኳት። ማዳም እንግዳ መከልከሉን ትታ ስለነበር ክፍሌ ድረስ ገብታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ይዛ የመጣችው ያንኑ ፌስታል ነው።

«በቃ፣ እኔ ራሴ ወስጄ አደርግላታለሁ» ስላት ሳቀች።

«ኧረ የእሷ እግር የእኔን ሊያህል ነው! እናቴ በቪዲዮ አሳየችኝ። ይሄ የት ይገባላታል? ለእህትሽ ልጅ ስጫት፤ ተቀምጦ ከሚበላሽ ብዬ ነው።»

ዛሬውኑ ገበያ ወጥተን ሌላ እንግዛላት ብዬ ለመንኳት።

«ተዪው፣ አሁን ቁጥሯንም አላውቀው» አለችኝ። ይሄን ስትል አልሳቀችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጫማውን ራሷ ባዶው ሻንጣ ውስጥ አመቻችታ አስቀመጠችው። ቀና ስትል ግድግዳው ጥግ የቆመውን ሌላውን ሻንጣ አየች።

«አሁን ሁለት ሻንጣ ፈቀዱ እንዴ?» አለችኝ።

አውቃ ትጠይቀኝ፣ ሳታውቅ ትጠይቀኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«አዎ፣ አሁን ፈቀዱ» አልኳት።

ጫማው ለእህቴ ልጅ ልኳ ሆነ።