የዱቄት ሽበት

የሕፃን ፓውደር ሽታ አንጀቴን ይበላዋል። ሰሞኑን ልጄ ለትምህርት ቤት ድራማ አሮጊት ሆና እንድትሠራ ተመርጣ፣ ፓውደሩን ፀጉሯ ላይ ገልብጣ፣ ነጠላዬን ተከናንባ፣ ወገቧን ይዛ እየሳለች ሳሎን ገባች። «እማዬ፣ አሮጊት መሰልኩ?» አለችኝ። «ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ነው የመሰልሽው» አልኳት። አኮረፈች። እንዲህ ያለውን እርጅና ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት በአገጯ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመችኝ። ይሄን ያህል ዓመት አልፎም ያው ዱቄት! ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ግን ንዴቴን ይዤ ደባርቅ ተመለስኩ፤ አክስቴ ምግብ ቤት።

አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። አባቷ ያወረሷትን ቤት የመንገድ ዳሩን ክፍል ምግብ ቤት አድርጋ፣ ሊማሊሞን ለሚወጡና ለሚወርዱ ሹፌሮች ሽሮና ጥብስ ትሸጥ ነበር። እኔ ከደረስጌ መጥቼ እሷ ቤት ተቀምጬ ነው ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት። ከደንበኞቿ መካከል አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ በሽሬ መንገድ በሰማያዊ የጭነት መኪና የሚመላለስ ሹፌር ነበር። ቴሌቪዥኑን ከጎንደር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣላት እሱ ነው። ፓውደሩንም ያመጣላት እሱ ነው።

ዳገቱን ጨርሶ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ አንድ ረጅም ክላክስ ያሰማል። አክስቴ ያኔ እጇን በሽርጧ ትጠርግና፣ ግንባሯ ላይ ያመለጠውን ፀጉር በጣቷ ሻሿ ሥር ትመልሰዋለች። ሽበት ጣል ጣል ብሎበት ነበር። ከዚያ ጓዳ ገብታ ፓውደሩን አንገቷ ላይ መታ መታ አድርጋ ትወጣለች። ቤቱ በርበሬና ናፍጣ ሲሸት፣ እሷ ታጥቦ እንደተጠቀለለ ሕፃን ትሸት ነበር። ሊያገባት እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም እንደፈቀደች እናውቃለን። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን ማታ ድራማ ነበር። መብራት ካልጠፋ ወንበር አይገኝም። ሳምንታት ሙሉ በወጣትነቷ ስናያት የከረምናት ተዋናይት፣ አንድ ቀን «ከዓመታት በኋላ» የሚል ጽሑፍ አለፈና አርጅታ መጣች። እንዴት ያለ እርጅና መሰላችሁ! ፀጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አንድ ዓይነት ነጭ፣ ቅንድቧ ጥቁር። ግንባሯ ላይ በዓይን ኩል የተሰመሩ መስመሮች፤ አንገቷ የሙሽራ አንገት። ትከሻዋን ስታነቃንቅ ዱቄቱ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ይረግፋል። ብርሃኑን ቀንሰውባታል፤ ካሜራውንም ከላይ ወደ ታች አድርገው ሲያሳዩዋት ወንበሯ ላይ የተረሳች ጆንያ ታህላለች። ትስላለች፤ ደግማ ትስላለች፤ ትመርቃለች፤ ታለቅሳለች። ሌላ ሥራ የላትም። ወጣትነቷን ስታስታውስ ደግሞ ምስሉ ቢጫ ይሆንና ዳር ዳሩን ጭጋግ ይሸፍነዋል። ሰው ያለፈውን የሚያየው በጭስ ውስጥ ነው ያላቸው ማን ይሆን? እኔ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ሁሉ ቁልጭ ያለ ነው። ጭጋግ ያየሁት ሊማሊሞ ላይ ብቻ ነው።

«እጇን እይው!» አለች አክስቴ። «ፊቷን አስረጅተው እጇን ረሱት። ይች ሴትዮ ሸክላ ያጠበችበት ቀን የለም!»

ሹፌሩ ሳቀ። «እኔ ከዛሪማ የምጭናቸው እማማዎች ፍየል አቅፈው ጭነት ላይ ይወጣሉ። ይች ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት!»

አክስቴ ግን አልሳቀችም። የድራማዋ አሮጊት ለልጆቿ እያለቀሰች ስትመርቅ ትንሽ አየቻትና፣ «ፀጉሯን ሲቀቡ ልቧንም አብረው ቀቡት እንዴ? ምንም አያምራትም?» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድራማ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትችት አልሰማሁም።

አጎቴ፣ የእሷ ታላቅ ወንድም፣ ከደረስጌ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አብሮን ድራማ አየ። ሁላችንም ስናሾፍ እሱ ብቻ አለቀሰ። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ «ሴት ስታረጅ እንዲህ ናት የሚያምርባት» አለ። ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ ሹፌሩን አየ። ቀጥሎ የእህቱን አንገት አየ።

ጠዋት ቁርስ እንደቀረበለት «አንችስ መቼ ነው ቆብ የምትደፊው?» አላት።

በኛ አገር ባል የሞተባት ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ ከፈለገች ትመነኩሳለች። ፀጉሯን ትላጫለች፣ ቆብ ትደፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ባል የለም። ወደው ለሚገቡበት በረከት ነው፤ ወደው የገቡ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። አጎቴ ግን የእህቱ ነፍስ አልነበረም ያሳሰበው። «የአባታችን ቤት ለባዕድ ሹፌር ሊሆን ነው?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አክስቴ ገና ነኝ አለችው። «ሸብተሻል እኮ!» አላት። የሹፌሩ ፀጉር ከሷ ይልቅ ነጭ ነበር፤ እሱን ግን ቆብ ድፋ ያለው ሰው የለም።

እምቢ እንዳለች ሲያውቅ የመጨረሻውን አመጣ። «እሱን ካገባሽ ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ። እኔም አንች ቀብር ላይ አልቆምም።» ልጅ ለሌላት ሴት ይሄ ቀላል ንግግር አይደለም። ከሱ ሌላ ወንድም አልነበራትም። ማን ይቀብረኛል ብላ ፈራች። የንስሐ አባቷ ተጠርተው ሲመጡ፣ ደግ ሰው ነበሩና፣ «ወደሽ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «ወዳ ነው አባቴ» አለ አጎቴ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። እኔ እውነቱን አውቃለሁ፤ ግን በታላላቆች መካከል ልጃገረድ የምትናገርበት ቤት አልነበረም።

ሹፌሩ ያኔ ሽሬ ነበር። ዝናብ ሊማሊሞን ንዶት መንገዱ ተዘግቶ ሳይመጣ ቆየ። እሱ ሲጠበቅ አክስቴ ተላጨች፤ ቆብ ደፋች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ቴሌቪዥኑ አንድ ሰው ለማስረጀት ያን ሁሉ ዱቄት ይፈጃል። ወንድሜ በአንድ ቆብ ጨረሰው» አለችኝ። ደግሞ ሳቀች። ሳቋ ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚያ ወዲያ እርጅና እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። ሹፌሮቹ ስትገባ ብድግ ማለት ጀመሩ። ወንበር ሳቡላት። አጠገቧ ቀልድ ሲጀምሩ አንዱ ሌላውን ይጎሽመዋል። የጤፍ ኩንታል ብቻዋን የምትጎትት ሴት፣ ደረጃ ላይ ክንዷን ሲደግፏት ጊዜ እርምጃዋን ቀነሰችላቸው። ለሌላ ሰው ብላ የቀነሰችው እርምጃ እዚያው ቀረ። ቴሌቪዥኑን አጎቴ «ለመነኩሲት ምን ያደርግላታል» ብሎ ወሰደው። ዳባት በሚኖረው ልጁ ቤት አስቀምጦ፣ በሄደ ቁጥር የዱቄቷን አሮጊት እያየ ሲያለቅስ ከረመ፤ ይመቸው።

መንገዱ ተጠረገ። ቀትር ላይ ያ ረጅም ክላክስ ተሰማ። አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ቀኝ እጇ ወደ ግንባሯ ወጣ፤ ፀጉሩን ፈለገ፤ ቆቡን ነካ። ትንሽ እዚያው ቆየና ወረደ። ጓዳ አልገባችም።

እሱ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አያት። ያደረገውን ኮፍያ ቀስ ብሎ አወለቀና ጎንበስ አለ። «እማሆይ» አላት። ሽሮ አቀረበችለት፤ ቀና ሳይል ሁለት ጉርሻ ጎረሰና ተነሣ። ከዚያ በኋላ እያለፈ እንኳ ከተማው መግቢያ ላይ ክላክስ አላሰማም።

ያን ሁሉ የዛተው አጎቴ፣ ቆብ ደፍታለትም ቀብሯ ላይ አልቆመም፤ ቀድሟት ሞተ። እሷ ግን የሱ ቀብር ላይ ቆማለች፤ አልቅሳለታለችም። ኋላ በእውነት ስታረጅ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አትስልም፤ አትንቀጠቀጥም፤ ወሬ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የምትስቀው እሷ ናት። ከውጭ የከባድ መኪና ክላክስ የተሰማ እንደሆነ ግን፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇ ብድግ ይላል፤ ቆቡን ይነካል፤ ይወርዳል። ያደረገችውን አታውቀውም። ይሄን የትኛው ድራማ አሳይቷችኋል?

ልጄን «በይ ሳልሽን ተይው» አልኳት። «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ክላክስ ስትሰሚ እጅሽን ወደ ፀጉርሽ አንሺ፤ ከዚያ መልሺው።»

«እሱ ምኑ ነው እርጅና?» አለችኝ።

በፎጣ ፀጉሯን አራገፍኩላት። ከጣሳው ሥር የቀረውን ፓውደር በመዳፌ አድርጌ፣ አንገቷ ላይ መታ መታ አደረግኩላት።