የእትዬ ወለቴ አኮርዲዮን በሰው ደረት ላይ

እትዬ ወለቴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ኪነት ቡድን ገብተው አኮርዲዮን ተማሩ። ቡድኑ ሲበተን መምህራቸው የነበሩት አዛውንት የግል አኮርዲዮናቸውን «ከአንቺ ሌላ የሚገባው የለም» ብለው ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅ አሳደጉ፣ ባል ቀበሩ፣ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ስንት ሺህ ኮሌታ ሰፉ። አኮርዲዮኑ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነበር የሚቀመጠው። አንዳንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ይልና ይወጣል።

ሲላስ ያገኛቸው በእንዲህ ያለ ምሳ ሰዓት ነው። ሲላስ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፤ የጊታሩ ማንገቻ ተበጥሶበት ሊያሰፋ መጣ። ቫዮሊን ከሚጫወተው ከኪያ እና ከበሮ ከሚመታው ከይፍሩ ጋር «ጩኸት» የሚባል ባንድ አቋቁመዋል። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አንድ የአየርላንድ ሰው አገሩ ሲገባ ለሲላስ በፍላሽ ሙዚቃ ትቶለት ሄዶ ነበር። የአገሩ የመጠጥ ቤት ዜማ ፓንክ ከሚባለው ጩኸታም ሮክ ጋር የተደባለቀበት፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን የሚሯሯጡበት፣ ዘፋኙ ከሰው የተጣላ የሚመስልበት ሙዚቃ ነው። ልጆቹ በዚያ ዓይነት ዜማ ስለ ባጃጅ ሾፌር፣ ስለ ሙዝ ደላላ፣ ስለ ሥራ ማስታወቂያ ቦርድ የራሳቸውን ዘፈን ሠሩ።

«እትዬ፣ ይሄን ይሰሙልኛል?» ብሎ ስልኩን አቀበላቸው።

ሁለት ደቂቃ ሰሙ። ከዚያ ማንገቻውን ወደ ጎን አደረጉ፣ አኮርዲዮኑን ሳቡ፣ ዜማውን ከነፍጥነቱ መለሱለት። ሲላስ እዚያው ባንዱ ውስጥ እንዲገቡ ለመናቸው።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ግሮሰሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይጫወቱ ጀመር፤ እኔም አልቀርም ነበር። ሰው ወንበር ላይ ይወጣል፣ ቢራ ይረጫል፣ የማይተዋወቀው ተቃቅፎ ይዘላል። እትዬ ወለቴ ሻሻቸውን አጥብቀው መሐል ቁጭ ይላሉ፤ አምቦ ውኃ እየጠጡ ከሦስቱም ጎረምሶች ፈጥነው ይጫወታሉ። ልጃቸው ኑኃሚን የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ትል ነበር እንጂ እዚያ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም።

ከዚያ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ስለ አርባ ምንጭ ቪዲዮ ሊሠራ መጣና ባንዱን መረጠ። ዘፈኑን አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ቀዱ። እትዬ ወለቴ የራሳቸውን ክፍል ስድስት ጊዜ ደጋግመው ተጫወቱ። ቪዲዮው አባያ ሐይቅ ዳር ሊቀረጽ በዋዜማው ሲላስ ሱቃቸው መጣ።

«ቀረጻው ተራዝሟል እትዬ። አኮርዲዮኑን ግን ለፎቶ ይፈልጉታል። ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

ሲናገር ዓይናቸውን አላየም። እሳቸው ግን ሰጡት።

ሰኞ አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ኑኃሚን ስልኳን ይዛ እየሮጠች ሱቁ ገባች።

«እማዬ፣ ይሄ ያንቺ አኮርዲዮን አይደለም?»

ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ወጣት ደረቷ ላይ አድርጋው ሐይቁ ዳር ትሽከረከራለች። የሚሰማው እትዬ ወለቴ ስድስት ጊዜ የደጋገሙት ነው። ልጅቷ የያዘችው ግን ገልብጣ ነው፤ የቀኙ ቁልፍ ወደ ግራ ዞሯል።

«ገልብጣዋለች» አሉ እትዬ ወለቴ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ያቀፍኩትን! ገልብጠው!»

«ይሄ ቅንጭቡ ነው፤ ሙሉውን እሑድ ከሰዓት ሴቻ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ያስመርቁታል አሉ» አለች ኑኃሚን። ፊቷ ቀልቷል። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሄዱ። ቪዲዮው ታየ፣ ተጨበጨበ። ባንዱና ልጅቷ መድረክ ላይ ወጡ፤ ዘፈኑ በስፒከር ሊለቀቅ፣ እነሱ የሚጫወቱ ሊመስሉ። እትዬ ወለቴ በወንበሮቹ መሐል አልፈው መድረኩ ሥር ቆሙ።

«ይሄን የምትጫወተው ማን ናት?»

የድርጅቱ ኃላፊ ተክለወልድ ፈገግ እያለ ቀረባቸው። «እናቴ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ድምፁ የእርስዎ መሆኑን እናውቃለን። ግን ተመልካቹ ወጣት ነው፤ ለዓይንም የሚሆን ነገር ያስፈልጋል።»

«ጆሮህ ሲፈልገኝ ዓይንህ ለምን ይጠየፈኛል? ስድስት ጊዜ ‹ይድገሙልን› ስትለኝ አላረጀሁም ነበር?»

ሲላስ ጫማውን ያያል። ባለ ነጭ ቀሚሷ ልጅ፣ አይዳ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ማንገቻውን ራሷ ከትከሻዋ አወረደች።

«መጫወት እንደማልችል ነግሬያቸው ነበር። የሰው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም» አለችና አኮርዲዮኑን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» ወደ ሲላስ ዞሩ። «አንተ ግን ቤቴ ገብተህ ዋሸኸኝ።»

ከኋላ አንዱ «ይጫወቱ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። እትዬ ወለቴ «እዚህ? ለእናንተ?» ብለው ወደ በሩ አመሩ። የድምፅ ባለሙያው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ያን ጊዜ ዘፈኑን ለቀቀው። አኮርዲዮን በሌለበት መድረክ ላይ አኮርዲዮን መጮህ ጀመረ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። ኑኃሚን እንደነገረችኝ፣ ሲቀላ እስኪደርሱ ሚኒባስ ውስጥ በንዴት ያለቅሱ ነበር።

ባንዱ ሦስት ቅዳሜ ያለ እሳቸው ሞከረ። እኔም ነበርኩ። ኪያ ቫዮሊኑን ክሩ እስኪበጠስ ቢያስሮጠውም የሚያባርረው አኮርዲዮን አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ሲላስ ሱቁ ሄደ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ‹እሳቸው ካሉበት ሥራው ይቀራል› አሉን። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ...»

«ሥራ ማጣትህን መች አጣሁት? ‹እንዲህ አሉን፣ ምን ይሻላል?› ብትለኝ ምናልባት እኔው ‹ሂዱ› እላችሁ ነበር። አንተ ግን እንደሌለሁ ቆጠርከኝ።» መቀሱን አስቀመጡ። «ይቅርታህን እዚህ ጓዳ ውስጥ አልቀበልም። የተጫወትኩት ሰው ፊት ነው፤ አንተም ሰው ፊት ጠይቀኝ።»

ቅዳሜ ዕለት ግሮሰሪው ውስጥ ሲላስ ማይክሮፎኑን ይዞ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። አንዳንዱ «ሼም!» አለው። እሱ ግን እስኪጨርስ አልወረደም። ከዚያ እትዬ ወለቴ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ገቡ፣ ኑኃሚንም እጇን አጣጥፋ ተከትላቸው ገባች። ያን ቀን የተጫወቱትን ያህል ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም፤ ቁጣው ሁሉ ጣታቸው ላይ ነበር።

ቪዲዮው ግን ዛሬም አለ፤ የእሳቸው ስም የትም የለበትም። ለድርጅቱ ሦስት ደብዳቤ ጽፈው መልስ አላገኙም። አራተኛውን ኑኃሚን እየተየበች ነው፤ እሳቸው አጠገቧ ቆመው «ለስለስ አታድርጊው» ይሏታል።