ጥላ ፍለጋ የሰጠሁት ድምፅ

ያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ፀሐይ መሸሽ ብቻ ነበር። ልጅ ነኝ፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለችው መንደራችን የቅሬ ዳኛ ልትመርጥ ሜዳ ላይ ወጥታለች። ቅሬ ሙታችንን የሚቀብር፣ ጠበኛችንን የሚዳኝ ማኅበራችን ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይለይም። ያኔ ሳጥን የለ፣ ወረቀት የለ፤ ከወደድከው ሰው ኋላ ትሰለፋለህ፣ አንድ ሽማግሌ በዘንጉ ትከሻህን እየነካ ይቆጥርሃል።

ተወዳዳሪዎቹ አባቴና የልብ ወዳጁ አያ ሰይድ ነበሩ። በአባቴ ሰልፍ በኩል አናት የሚበሳ ፀሐይ፤ በአያ ሰይድ በኩል የዋርካ ጥላ። እኔ ብልሁ ጥላው ሥር ሄጄ ቆምኩ። ለዕድሜዬ ዘለግ ያልኩ ነበርኩ፤ ማደግ ያቆምኩትም እዚያው ሳይሆን አይቀርም። የአጎቴን ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁና ቆጣሪው ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ። አያ ሰይድ በአንድ ሰው በለጡ።

እልልታው ሳያልቅ ከአባቴ ወገን አንዱ ጋቢዬን ገለጠ።

«ኧረ ጉድ! የገዛ ልጁን አሰልፈውበታል!»

«ልጁ እንኳ ያልመረጠውን እኛ እንምረጠው?» አለ ከወዲያ አንድ ቀልደኛ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሰው ያስመታው ያ ሳቅ ነው። ሽመል አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደ ደረቅ ግንድ ይጮኻል፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አቧራው በደም ረጥቦ ሸተተ። ጥርሱን የሚተፋ፣ ክንዱ የተንጠለጠለ ሰው አየሁ። ከዚያ የአባቴ ዱላ የአያ ሰይድን አናት አገኘው። እግሬ ሥር ወደቁ፤ ደማቸው ጣቶቼ መሃል ሲገባ ትኩስ ነበር። ጠቡ የቆመው እናቴና የአያ ሰይድ ሚስት መቀነታቸውን ፈትተው መሃል ላይ ሲወድቁ ነው።

አባቴ ሸሽቶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገባ። አያ ሰይድ ራሳቸውን እንደሳቱ ናቸው፤ ከሞቱ ደም ነው፤ ደም ደግሞ አባትን ካጣ ልጅን ይፈልጋል። አንድ ማለዳ ወንድሞቻቸው በራችንን በጥይት በሱት፤ ጊደራችን ተንፈራፍራ ሞተች። እናቴ ጎተራ ውስጥ ደበቀችኝ። ጀግናው መራጭ እዚያ ሆኜ ሱሪዬን አረጠብኩ።

ከዚያ አበጋሮቹ መጡ፤ ደም ማድረቅን ከአባቶቻቸው የወረሱ ሽማግሌዎች። አንዴ ከኛ ደጅ፣ አንዴ ከነአያ ሰይድ ደጅ ይቀመጣሉ፤ ጠቡ ሳይበርድ እህል አንቀምስም አሉ። ረሃባቸው አሳፈረና ጠመንጃው ወረደ። አያ ሰይድም ነቁ፤ አንድ ጆሯቸው ግን ተዘጋ። በዕርቁ ቀን አባቴ በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከፊታቸው ተንበረከከ።

«አውርደው እንጂ» አሉት። «አንገትህ ከተሰበረ ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዳኝነቱን «አንተ ውሰድ፣ አንተ ውሰድ» ሲባባሉ ደግሞ ሌላ ጠብ ሊነሳ ነበር።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥን አያለሁ። በአንዱ የአፍሪካ አገር ሁለት ሰዎች ሁለቱም አሸነፍን ይላሉ፤ ጎማ ይነዳል፣ ልጆች አስፋልት ላይ ይወድቃሉ። አስታራቂው በአውሮፕላን መጥቶ፣ ሆቴል በልቶ ይመለሳል። በእኛም ደጅ ጥይት ሲመጣና ሲያልፍ አይተናል። የኔዎቹ አስታራቂዎች ግን በእግራቸው መጥተው፣ ተርበው ደጃችን ያድሩ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው እንድሪስ ነው፤ የአያ ሰይድ ልጅ። በዕርቁ ቀን አበጋሩ «የልጅ ቂም እንዳይቀር፣ አንድ ጥፊ ምታውና ይለቅ» ብለውት ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ትንሽ ነው፤ ሲያድግ እመታዋለሁ» አለ።

ትናንት ሽበቴን እያሳየሁ ጉንጬን አቀረብኩለት።

«በል፣ ዕዳዬን ተቀበለኝና ልረፍ።»

ሻዩን ፉት አለ።

«ገና አላደግህም» አለኝ።